ዓይኑን የማያርገበግበው ዳኛ

ሚጣ ወንድሟ ስለ ፍርሃት ሲናገር መስማት ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ሲፈራ ግን አንድም ቀን አላየችውም። እሱም የሚኮራው በዚሁ ነው። ለሚጣ «ጋሼ» ነው፤ ጓደኞቹ ግን «ዳኛው» ይሉታል። ሕግ የሚባል ነገር በደጁ አላለፈም፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይሸጣል። እሑድ ከሰዓት ግን ይፈርዳል።

የሚፈርደው አስፈሪ ፊልሞች ላይ ነው። ሰው ተሰልፎ የሚያያቸው ላይ አይደለም፤ የእነሱን ስም ሲሰማ የተበላሸ እንቁላል እንደሸተተው ሰው አፍንጫውን ይሰበስባል። የእሱ ፊልሞች ማንም ያላያቸው፣ ያያቸው ቢኖር የረሳቸው፣ የሠራቸው ቢገኝ ደግሞ «እኔ አይደለሁም» ብሎ የሚምልባቸው ናቸው። ማቀዝቀዣ ተከራዮችን በየተራ የሚበላበት ፊልም አለ። ከረግረግ የሚወጣው ጭራቅ ዞር ባለ ቁጥር ጀርባው ላይ ዚፑ የሚታይበት አለ። ከሞተች ዘመን ያለፋት ሙሽራ ሰው ስታንቅ የእጅ ሰዓቷ የሚያብለጨልጭበትም አለ። ይህን የመጨረሻውን ዳኛው ከመውደዱ የተነሳ፣ ሰዓቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደቆመ ሳይቀር ይነግርሃል።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከአባላቱ አንዱ በሆነው በጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ፣ በሽተኞች ተራ በሚጠብቁበት ክፍል ነው። እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ነው። መጋረጃው ይወርዳል፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ወደ አንዱ ግድግዳ ይዞራሉ፣ ፕሮጀክተሩ በአሮጌ መጽሔት ክምር ላይ ይቀመጣል። ክፍሉ ቅርንፉድና በረኪና ይሸታል። ፊልሙ ከሚታይበት ግድግዳ ጎን የታመመ ድድ የሚያሳይ ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። ሚጣ እዚያ ክፍል ውስጥ ካየችው ሁሉ የምር የሚያስፈራው እሱ ብቻ ነው ብላ ታስባለች። ለማንም ግን ተናግራ አታውቅም። የምትሄደው ወንድሟ ስለሚወስዳት ነው። የሠርግ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ቆርጣ የምትቀጥል ባለሙያ ስለሆነች፣ ገመድ መሰካት የእሷ ፋንታ ነው።

ማኅበሩ ሕግ አለው። ፊልም እየታየ ዓይኑን የጨፈነ ወይም ፊቱን ያዞረ ሰው ለቤቱ ሁሉ ለስላሳ ይገዛል። ዳኛው ገዝቶ አያውቅም። ሰው በመጋዝ ሲሰነጠቅ እንኳ፣ የሴራሚክ ስንጥቅ እንደሚፈትሽ ሰው አንገቱን አስግጎ ነው የሚያየው። ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉም የመሰለውን ይላል፤ ከዚያ ዳኛው ይፈርዳል። ፍርዱን ያለፈው ፊልም ሐኪሙ የጀሶ መንጋጋዎቹን በሚደረድርበት የመስታወት ካቢኔ ውስጥ ይቀመጣል።

ካቢኔ የሚገባው ግን ጥሩ ፊልም እንዳይመስላችሁ። ጥሩ ፊልም እዚያ ቤት መቀመጫም አያገኝም።

«ጥሩ ፊልም ማንም ይሠራል» ይላል ዳኛው፣ እግሩን አጣጥፎ። «ገንዘብ ካለህ ጥሩ ፊልም ትሠራለህ። እንዲህ አድርጎ ማበላሸት ግን ተሰጥኦ ይጠይቃል።»

ካቢኔ ለገባ ፊልም ደግሞ ሰላምታ ይወጣለታል። ከፊልሙ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያሳቀው እንቅስቃሴ ይመረጥና፣ ሌላ ፊልም እስኪተካው ድረስ ማንኛውም አባል በሩን ሲያልፍ ያንን እያደረገ ነው የሚገባው። የማቀዝቀዣው ፊልም በነገሠበት ሰሞን፣ ባለትዳርና የልጆች አባት የሆኑ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን እንደ ማቀዝቀዣ በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ይታዩ ነበር። ፊልሞቹን እንደሚወዱ ይናገራሉ። ሚጣ ይህን ፍቅር ከኋላ ወንበር ሆና ስታየው ኖራለች። ንቀት ነው፤ የእሑድ ልብሱን ለብሶ ነው እንጂ።

ያን እሑድ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ዲስክ ነበር።

ነገሩ ከእናታቸው ይጀምራል። እናታቸው በመጨረሻው ዓመቷ ቤቷ ውስጥ እያለች ቤቷ ጠፋባት። ቀኑን ሙሉ ኮሪደሩን በአንድ እጇ ግድግዳውን እየዳበሰች ትመላለሳለች። ቀኝ እግሯ ይቀድማል፣ ግራው እየተጎተተ ይደርስበታል፤ ከዚያ ከኋላዋ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል ቆም ብላ ትጠብቃለች። ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ ነው የምታደርገው። ቢያስተካክሉላት መልሳ ታቀያይረዋለች። መብራቱ ጋ ስትደርስ ታበራለች፣ ታጠፋለች፤ «ማነው ቤት ያለው?» ትላለች።

«እኔ ነኝ እማዬ። ነይ፣ ቁጭ በይ» ትላታለች ሚጣ።

ቁጭ ትላለች። ደግሞ ትነሳለች። ሚጣና አክስቷ፣ እቴቴ የሚሏት የእናታቸው ታናሽ፣ ይህችኑ ጥያቄ በየተራ ሲመልሱ ከረሙ።

ዳኛው አንድ ጊዜ መጣ። እናቱ በሩ ላይ ትክ ብላ አይታው «የማን ልጅ ነህ አንተ?» አለችው። ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በስልክ ብቻ ሆነ። የእናቱ ቤት በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ነበር። «እንደዚያ ሆና ላያት አልፈልግም፣ ሚጣዬ። የድሮዋ እንዳለች ትኑርልኝ» ይላት ነበር፤ ድምፁም ከልቡ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር። የመጋዙን ፊልም ዓይኑን ሳያርገበግብ ያየው በዚያው ሰሞን ነው።

ሚጣ አልጮኸችበትም። መጮኽ አታውቅበትም። እናቷ ከተቀበረች በኋላ ግን በሰው ሠርግ ላይ የሰከሩ አጎቶችን እየቆረጠች ስታወጣ፣ የሚያዛጉ ሚዜዎችን ስትሸፍን፣ አንድ ሐሳብ ገባባት። ወንድሟ የሚያምነው ግድግዳ ላይ የሚታየውን ብቻ ከሆነ፣ ግድግዳ ላይ ታሳየዋለች። አንዴ ፊቱን ቢያዞር፣ አንዴ ቢደነግጥ ይበቃታል። ይቅርታ እንኳ አልፈለገችም። እናታቸው የሄደችውን አካሄድ አብሯት የሚያውቅ ሰው ነው የፈለገችው።

ፊልሙን የቀረጸችው ከሥራ ቤቷ ጀርባ ባለው ረጅም ኮሪደር፣ የሥራ ባልደረባዋን ካሜራ ተውሳ ነው። ኮሪደሩን እንደ እናታቸው የምትመላለስ መንፈስ ሆና የሠራችው እቴቴ ናት። እቴቴ በስተርጅና ጥሪዋን ያገኘች መሰላት።

«ካሜራው የሚያምረውን ጎኔን ይዞልኛል?»

«ከኋላሽ ነው የምቀርጽሽ፣ እቴቴ። ፊትሽ አይታይም።»

«ኋላዬም ያምራል» አለች እቴቴ፣ ሻሿን እያስተካከለች። ከዚያ ነጠላ ጫማውን አቀያይራ አደረገችና ግድግዳውን ያዘች። መራመድ ስትጀምር ሚጣ ዓይኗን ከካሜራው አነሳች።

ድምፁን በኮምፒውተር አወፈረችው፤ እቴቴ እንዳትታወቅ። የራሷን ስም አላስገባችም። ዳኛው የእህቱ መሆኑን ካወቀ «ጎበዝ፣ ሚጣዬ» ብሎ ራሷን ይዳብሳትና ያልፋል። ሳያውቅ እንዲያየው ነው የፈለገችው።

ያን እሑድ ከምሳ በኋላ እቴቴ በር ድረስ ተከትላት ወጣች። «ሲያይ ፊቱን እይልኝ እሺ? መፍራት አለመፍራቱን ትነግሪኛለሽ።»

ክሊኒኩ ስትደርስ ክርክሩ ደርቶ ነበር። ሹሩባ፣ ጸጉሩን እስከ ትከሻው ጎንጉኖ ስልክ የሚጠግነው ልጅ፣ ለረግረጉ ጭራቅ ጥብቅና ቆሟል።

«ዚፑን ተወው፣ ዳኛው። ጭራቁ ብቸኛ ነው እኮ። ጓደኛ ፈልጎ ነው የሚወጣው።»

«ዚፑን የሚዘጋለት ሰው ፈልጎ ነው የሚወጣው» አለ ዳኛው። ቤቱ ሳቀ። «አንተ ሁልጊዜ ታዝናለህ። ለማቀዝቀዣውም አዝነህ ነበር።»

«ማቀዝቀዣው ተርቦ ነበራ!»

«ውስጡ ምግብ ሞልቶ?» አለ ጥርስ ሐኪሙ፣ እና ደግሞ ሳቁ። በዚህ መንገድ ሰዓት ይሄዳል። ሚጣ ገመዱን ሰካች።

«ዛሬ ምን አለን?» አለ ዳኛው።

«ሥራ ቤት የተቀመጠ ዲስክ አለ» አለች ሚጣ። ውሸት አይደለም። «የማን እንደሆነ አይታወቅም። አጭር ነው።»

«ባለቤት የሌለው ፊልም!» ዳኛው እጁን አፋተገ። «በሉ መብራት።»

ፊልሙ ጀመረ። አንዲት ልጅ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ከበሩ ውጭ የሚጎተት እግር ይሰማል። ሚጣ ያየችው ግድግዳውን ሳይሆን በግድግዳው ብርሃን የበራውን የወንድሟን ፊት ነው። ከዚያ በሩ ተከፈተ፣ ኮሪደሩ ታየ፣ አንዲት ሴትዮ ጀርባዋን ሰጥታ ብቅ አለች። ቀኝ እግር። ግራው ተጎተተ። ቆመች፣ ጠበቀች።

መጀመሪያ የሳቀው ዳኛው ነው።

«ማንን ነው የምትጠብቀው? ታክሲ?»

ቤቱ ፈነዳ። ሹሩባ ከወንበሩ ተነሳ። «ቆይ፣ ቆይ! ጫማዋን እዩት! አቀያይራ ነው ያደረገችው!»

«ዳይሬክተሩ አላየውማ!» ሐኪሙ ጭኑን መታ።

«አያይማ» አለ ዳኛው። «ዓይን ቢኖረው ሌላ ሥራ ይይዝ ነበር።»

ሴትዮዋ መብራቱ ጋ ደረሰች። አበራች፣ አጠፋች።

«መንፈስ ናት ወይስ ቆጣሪ አንባቢ?» አለ ሐኪሙ።

«ማነው ቤት ያለው?» አለ የወፈረው ድምፅ።

«አከራይዋ ናት! ኪራይ ልትጠይቅ መጥታ ነው!» ሹሩባ እንባውን ጠረገ።

ከወንበሮቹ መካከል፣ አዲስ የገባችው የባንክ ቤት ልጅ ቀስ ብላ «እኔን ግን ትንሽ አሳዘነችኝ» አለች። ሚጣ ቀና አለች።

«እህቴ፣» አለ ዳኛው ሳይዞር፣ «ማዘን ከፈለግሽ ጎረቤታችን የልብ ሐኪም አለ። እዚህ ጥርስ ቤት ነው፤ ጥርሳችንን ልናሳይ ነው የመጣነው።» ልጅቷ አብራ ሳቀች። ምን ታድርግ። «ሚጣ! መልሽልኝማ። አካሄዷን መልሽልኝ።»

ሚጣ መለሰችው። እናቷ፣ ማለትም እቴቴ፣ ማለትም እናቷ፣ ወደ ኋላ ሄደች፤ እንደገና መጣች። «አንዴ ደግሞ» አለ። ደግማ መለሰችው። በየመልሱ ፊቱን ታየዋለች። ፊቱ ላይ ከደስታ በቀር ምንም አልነበረም። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ቀድሞ ሊገባት ይገባ የነበረ ነገር ነው፣ ይህን ያህል ስትሠራበት ሳታስበው መቅረቷ ራሷን ገረማት። ወንድሟ ይህን አካሄድ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አላየውማ። ያላየን ሰው ምን አስታውስ ልትለው ነው?

ፊልሙ አለቀ፣ መብራት በራ። ሁሉም ተራ በተራ አወደሱት። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ድንቁርና አይቼ አላውቅም አለ። ሹሩባ መንፈሷን የሠራችው ሴትዮ የዳይሬክተሩ አክስት ሳትሆን አትቀርም፣ በነፃ የምትሠራ አክስት ናት አለ። ሚጣ መሬት መሬት አየች። በመጨረሻ ዳኛው ተነሳ። ሲፈርድ ይነሳል።

«ወገኖቼ፣ እዚህ ወንበር ላይ ስንት ቆሻሻ አየን? ብዙ። ግን አብዛኛው ቆሻሻ መሆኑን የሚያውቅ ቆሻሻ ነው፤ ጥቅሻ አለው። ይሄኛው አይጠቅስም። ይሄን የሠራው ሰው የምሩን ነው። አሮጊት ጫማ አቀያይራ ኮሪደር ለኮሪደር ስትንጎራደድ ሰው ይፈራል ብሎ ከልቡ አምኗል። ምስኪን! እንዲህ ዓይነቱን ንጹሕ ከንቱነት የት ታገኛለህ?» ዲስኩን ከማጫወቻው አወጣና ወደ ላይ አነሳው። «ካቢኔ!»

«ካቢኔ!» አለ ቤቱ።

ዲስኩ ከሁለት የጀሶ መንጋጋዎች መካከል ተቀመጠ። ሰላምታው ላይ ክርክር አልነበረም። አካሄዱ ነው። አዲስ ሰላምታ ሲወጣ የመጀመሪያው የሚያደርገው ዳኛው ነውና፣ ሐኪሙ ከሕክምና ክፍሉ ነጭ ፎጣና በሽተኛ ሲገባ የሚያደርገውን የላስቲክ ነጠላ ጫማ አመጣለት። ዳኛው ፎጣውን ራሱ ላይ ጣለ፣ ጫማውን አቀያይሮ አደረገ፣ ወደ ውጭ ወጥቶ በሩን ዘጋ።

በሩ ተከፈተ።

መጀመሪያ የገባው እጁ ነው፤ ግድግዳውን እየዳበሰ። ቀጥሎ ቀኝ እግሩ። ግራው ተጎትቶ ደረሰበት። ቆመ፣ ከኋላው የሚመጣ እንዳለ ጠበቀ። ሚጣ እጇ ላይ የተጠቀለለው ገመድ ሳይታወቃት ወደቀ። እቴቴ ያን ሁሉ ቀን ተለማምዳ ያልደረሰችበትን እሱ ሳይለፋ ደረሰበት፤ ትከሻው የእናቱ ትከሻ ነው፣ አንገቱ የእናቱ አንገት፣ ስትቆም ወደ ግራ ዘንበል የምትለዋ ነገር እንኳ አልቀረችም። ፎጣው ግንባሩን ሸፍኖ አገጩን ብቻ አስቀርቷል። አገጩም የእሷ ነው። የሚያሾፍ መስሎት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ያልረገጠውን ኮሪደር ይሄድ ነበር።

የክሊኒኩን መብራት አጠፋ፣ አበራ።

«ማነው ቤት ያለው?»

«እኔ ነኝ እማዬ» አለች ሚጣ። «ነይ፣ ቁጭ በይ።»

ልትል አስባ አይደለም። አፏ ለምዶ ነው፤ ያን ያህል ጊዜ የመለሰ አፍ ጥያቄውን ሲሰማ ይመልሳል።

ሳቁ ጣሪያ ነካ። «ሚጣ! ሚጣ ተናገረች!» ሹሩባ እያጨበጨበ ወንበር ላይ ቆመ። «ከዳኛው እኮ በለጠች!»

ዳኛው ግን አልሳቀም። እጁ ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀረ። ዓይኑ መጀመሪያ ወደ ሚጣ ሄደ፣ ከዚያ የተቀያየረው ጫማ ላይ ወረደ፣ ከዚያ ካቢኔው ውስጥ ወዳለው ዲስክ፣ ከዚያ ተመልሶ ሚጣ ላይ አረፈ። ሚጣ አየችው። ነገሩ ፊቱ ላይ ሲደርስ፣ ቀስ ብሎ፣ ከግንባሩ ጀምሮ ወደ ታች ደሙን እያደረቀው ሲወርድ አየችው። አወቀ። የፈለገችው ይኼው ነበር። አሁን አንድ ነገር ቢል፣ ፎጣውን ቢያወልቅ፣ «ቆዩ» ቢል እንኳ ይበቃት ነበር።

«ቀጥል እንጂ ዳኛው!» አሉት። «ምነው፣ ታክሲው መጣ እንዴ?»

ዳኛው ፊቱን ከእሷ አዞረ። ወደ ታመመው ድድ ፖስተር አዞረው። ከዚያ ቀኝ እግሩን አነሳ፤ አሁን ከፍ አድርጎ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ ግራውን እያንሸራተተ ጎተተው። ቤቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንድ እርምጃ ጨመረ። ሌላም ጨመረ።

ሚጣ ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ክፍል ውስጥ ያየችው ጭራቅ ሁሉ በአንድ ላይ ተሰብስቦ ይህን አላከለላትም። ጭራቅ እንኳ ዚፑ የሚታየው እሱ ሳያውቅ ነው።

ተነስታ ካቢኔውን ከፈተች፣ ዲስኩን ወሰደች።

«ኧረ! የት ልትወስጂው ነው? ካቢኔ የገባ አይወጣም!» አለ ሐኪሙ።

«የኔ ነው።»

«ያንቺማ ነው፣ ያመጣሽው አንቺ አይደለሽ? መልሺው በይ፣ ቆንጆ።»

ሚጣ ቦርሳዋን ዘጋች። በሩ ጋ ስትደርስ ወንድሟ ፎጣው ራሱ ላይ እንዳለ አጠገቧ ቆሞ ነበር። በቅርብ ሲያዩት ላብ አጥምቆታል።

«ሚጣዬ» አለ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ኋላ… ኋላ እናወራለን፣ እሺ?»

ሚጣ ወደ ቤቱ ዞረች። በሰው ፊት መናገር አይሆንላትም፤ ድምፁ ግን ወጣላት።

«ጋሼ ፊቱን አዙሯል» አለች። «ለስላሳ ይገዛል።»

«አዬ ሚጣ! ፊልሙ እኮ አልቋል!» አለ ሹሩባ።

«አላለቀም ነበር» አለችና ወጣች።

ውጭው ገና ፀሐይ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀምጣ ዲስኩን ጭኗ ላይ ያዘችው። የከንፈሯ ጫፍ እንደ መሳቅ ሲያደርጋት ተሰማት፤ ወንድሟ በየሳምንቱ በየጭራቁ ላይ የሚስቀው ሳቅ ይህ መሆን አለበት፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው። ደስ አላላትም። ግን አልተወችውም።

እቴቴ በሩን ከፍታ እየጠበቀቻት ነበር።

«እህስ? አየው?»

«አየው።»

«እኔ መሆኔን አወቀ?»

«አንቺን አላወቀም።»

እቴቴ በኩራት ሻሿን አሰረች። «አላልኩሽም? ትወና ማለት ይኼ ነው። ፈራ ግን? እውነቱን ንገሪኝ።»

ሚጣ ጫማዋን አወለቀች። ግራና ቀኙን ጎን ለጎን፣ በየቦታው አስተካክላ አስቀመጠች።

«ፈራ፣ እቴቴ።»

«የቱ ጋ?»

«መጨረሻው ላይ» አለች ሚጣ፣ «አንቺ ካለፍሽ በኋላ።»